ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንደኛ

ባለቤቴ ሽማግሌ ላከ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል መላክ የከበደው ሰው ሦስት ሽማግሌ መላክ ቀለለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚመጡ የተነገረኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ይመለስ ወይም ይቅር የምለው እኔ ነኝ፤ ለማሰብ ስድስት ቀን ተሰጠኝ።

ሰውየው "የሦስት ወር ሥራ ነው" ብሎ ሐዋሳ እንደ ወረደ ነው የቀረው። እዚያ ፔንሲዮን ያላት ሴት ማግኘቱን ከእኔ በፊት ዕድራችን ሰምቷል። ዘንድሮ ስኳር ሲይዘው መራራ ሚስቱ ትዝ አለችው። እግሩን የምታጥብለት፣ ምግቡን የምትመጥንለት ሰው አስፈለገችዋ! ይህን ማየት አላቃተኝም፤ ዓይኔ ጤነኛ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰኞ ግን ልቤ "ይግባ" ለማለት አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ያነበብኩት ልብ ወለድ ነው። ርዕሱን አልጠራም፤ ደራሲው በሕይወት ባይኖሩ እንኳ ዘመድ አይጠፋቸውም፤ ዘመድ ደግሞ ስልክ አለው። ሰዎች የልጅነት መጽሐፋቸውን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ "እኔን ያደረገኝ እሱ ነው" ይላሉ። እኔንም ያደረገኝ እሱ ነው። ምን እንዳደረገኝ ግን ያወቅሁት አሁን፣ በሃምሳ ዓመቴ ነው።

ያኔ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ እናቴ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ትይዩ፣ መጽሐፍ የሚያከራዩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሱቃቸው ደረጃ ሥር የተሰነቀረች ስለሆነች እሳቸው ከገቡ ደንበኛ አይገባም። ወፍራም ልብ ወለድ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሱት ምላጭ ነው። መጽሐፉን ለሦስት ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱን በሲባጎ ይሰፉታል፤ ከላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለው ይጽፉበታል። እንዲህ ሲሆን አንዱን መጽሐፍ በአንድ ቀን ሦስት ሰው ይከራየዋል። አራዳ ማለት እንግዲህ እሳቸው ነበሩ።

ችግሩ፣ የምትፈልገው ክፍል ሁልጊዜ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። መሃሉን ጨርሶ መጀመሪያውን የሚጠብቅ፣ መጨረሻውን አንብቦ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ መንገድ ላይ የሚያጠያይቅ ሞልቶ ነበር። አንድ ጎረቤታችን "ገዳዩን አውቄዋለሁ፤ የሞተው ማን እንደሆነ ነው የቸገረኝ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንም አይስቅበትም ነበር፤ እንዲያውም የሟቹን ክፍል ማን እንደያዘው ተባብረን እናፈላልግለት ነበር።

ለእኔ መጻሕፍቱን የምታመጣልኝ እናቴ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ ትከራይልኝና፣ እንዳላቆሽሻቸው በጋዜጣ ለብዳ ትሰጠኛለች። በዚያ ዓመት አባቴ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ሰንብቶ ነበር፤ ደብዳቤውም ተቋርጧል። ዛሬም ከእናቴ ጋር በምንኖርበት ግቢያችን በር ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማነብበው እሷ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። መቀመጫ ጠፍቶ አይደለም፤ አባቴ ሲመጣ በመጀመሪያ እኔን እንዲያይ ነው።

መጽሐፉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በደረሰኝ ክፍል ላይ ባልየው ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ይሄዳል፤ ቤት ይቃጠላል፤ አያትየዋ ይሞታሉ። ቀጥሎ በደረሰኝ ላይ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፤ ገጹ ሁሉ ሥራ ነው። ትሰፋለች፣ ትሸጣለች፣ ጣራ ታስጠግናለች። ሰለቸኝና እየዘለልኩ አለፍኩት። በመጨረሻ በደረሰኝ ላይ ግን፣ አሁንም ሳስበው ልቤ ይመታል፣ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል። ተቀመጡ ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ። ሰውየው አጥር ሥር ካፖርቱን ደርቦ ይጠብቃል። ሴትዮዋ በመጋረጃ ቀዳዳ ታየዋለች። ከዚያ ሠርግ፣ እልልታ፣ አለቀ። አልቅሼ ድንጋይዋን አራስኳት።

እርግጥ አንዳንድ የማይገጥሙ ነገሮች ነበሩ። የሞቱት አያት ሠርጉ ላይ እልል ይላሉ። ሌላዋ አያት ናቸው አልኩ፤ ሰው ሁለት ሴት አያት አለው። የተቃጠለው ቤት ቆሟል። አስጠግናው የለ! ሕፃኑ የለም። ሠርግ ላይ ልጅ ያስቸግራል፤ ጎረቤት ዘንድ ትተውት ይሆናል። ሴትዮዋ ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጎበዝ፣ ከወለደች በኋላ ትምህርቷን ቀጠለች። ከሁሉ ያስቸገረኝ ባልና ሚስቱ ስም መጠያየቃቸው ነበር። በዚህ ላይ ሁለት ቀን አሰብኩበት። በኩርፊያ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ልጅ ነበርኩ፤ ይህ አይደንቅም። የሚደንቀው አድጌ መዝገብ ቤት መቀጠሬ ነው። የሰው ፋይል በተራ ቁጥር ስደረድር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ገጽ ሰባት ከገጽ ስድስት በፊት የገባበት ማኅደር ይዞ መጥቶ ከእኔ ዘንድ ሳይመከር የሄደ ሠራተኛ የለም።

ባሌ የቀረ ጊዜ ሰው ሁሉ አለቀሰልኝ፤ እኔ ግን ሁለተኛው ክፍል ላይ ነኝ ብዬ ተጽናናሁ። ሐዋሳ ሞቃት ነው ብሎ ትቶት የሄደው ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። በየመስከረሙ ብል እንዳይበላው አውጥቼ ፀሐይ አስመታዋለሁ። የግቢው ሴቶች "ምን ትጠብቂያለሽ?" ሲሉኝ መጨረሻውን እንደሚያውቅ ሰው ፈገግ እላለሁ። ዓይኗን ሞራ የጋረዳት እናቴ ብቻ ገመዱ ላይ ካፖርቱን በእጇ ስታገኘው "ዘንድሮም ወጣ?" ትልና ትገባለች። አማቿን ስለማትወደው ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ መጽሐፉን ፍለጋ ሄድኩ። ሙሉውን ለማንበብ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ በር ላይ የቆሙበትን ብቻ አይቼ ልቤን ለማጽናት ነው። የጊዮርጊስ አካባቢ ከፈረሰ ወዲህ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹ የት የት እንደገቡ ማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። አንዱን ከምኒልክ አደባባይ እልፍ ብሎ ላስቲክ ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ አገኘሁት። ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ ነው፤ ቢያንሰኝ በአምስት ዓመት ነው።

"ምን ልታዘዝ፣ ማዘር?" አለኝ።

ማዘሩን ዋጥ አድርጌ የመጽሐፉን ርዕስ ነገርኩት። ሐሙስ ተመለሺ አለኝ፤ ሐሙስም እንደ ቃሉ አመጣው።

"ኦሪጅናል ነው፤ ፎቶ ኮፒ እንዳይመስልሽ" አለና በክርኑ አቧራውን ጠርጎ ሰጠኝ።

ያን መጽሐፍ ሳይቆረጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። በቀጥታ መጨረሻውን ገለጥኩ። ሽማግሌ የለም።

"መጨረሻው ተገንጥሏል" አልኩት።

"ኧረ ማዘር! ሙሉ ነው። ይኸው፣ ተፈጸመ ይላል።"

ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። ሽማግሌዎቹን ገጽ አርባ ሁለት ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ጠራዡ ገልብጦታል" አልኩ። "መጨረሻውን መጀመሪያ ላይ ነው የሰፋው።"

"ቁጥሩን እዪዋ፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት።"

"ቁጥሩም ተሳስቷል። ወንድሜ፣ እኔ ሥራዬ ይኼ ነው። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው።"

ሰውየው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየኝ። መጽሐፉን አንብቦታል፤ ይህ የእኔ ዕድል ነው፤ ከስንት ሻጭ መካከል የሚያነብበው ላይ መውደቄ።

"ማዘር፣ አሮጊቷ ገጽ መቶ አሥር ላይ ይሞታሉ። አንቺ በምትዪው ከሄድን ከሞቱ በኋላ ነው ሠርጉ ላይ እልል የሚሉት።"

"ሌላዋ አያት ናቸው!" አልኩት።

ይህን ነገር ለሠላሳ ስምንት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ጆሮዬ ሰማው። ሰውየው አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። በዝግታ መጽሐፉን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝና "ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ማዘር" አለኝ። ተወልጄ ያደግሁት አራዳ ነው፤ ከእኔ የባሰ ፋራ ግን ከዚያ ላስቲክ ፊት ቆሞ አያውቅም።

እዚያው አቅራቢያ አንዲት ቡና ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩና ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ዓርብም ከሥራ መልስ እዚያው ተቀመጥኩ። መጽሐፉ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በአብዛኛው አይነበብም። ደራሲው ስለ ሴትዮዋ አንገት ብቻ ገጽ ተኩል ይጽፋሉ። በየሦስት ገጹ ደግሞ ታሪኩን አቁመው ይመክሩናል፤ ስለ መጠጥ፣ ስለ መጥፎ ጓደኛ፣ አንድ ቦታ ላይ ጥርስ ስለ መፋቅ ሳይቀር። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የሞትኩለት ሰውዬ በጠቅላላው ሁለት መቶ ገጽ አንድ ብርጭቆ ሲያጥብ አይታይም። ለሽማግሌ ልመናው የለበሰው ካፖርት እንኳ የጓደኛው ነው። ያኔ ይህን አላየሁም ነበር፤ አጥር ሥር መቆሙ ብቻ በቅቶኝ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ደራሲው መምከር ያቆማሉ። አንገት የለም፤ እንባም የለም። ሴትዮዋ ትሠራለች። በልጅነቴ እየጠበቀች ነው ብዬ እየዘለልኩ ያለፍኩት ሁሉ ተመልሼ ባየው አንድም ቦታ አትጠብቅም። ለካ መጽሐፉ ውስጥ ጥሩው ክፍል እሱ ነበር! በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ የጥቅምት ብርድ በገባ ጊዜ፣ የባሏን ካፖርት ከምስማር ላይ አውርዳ ጣራውን ለሠራላት ሰው ትሰጠዋለች። ከዚያ ምስማሩን ትነቅላለች። ተፈጸመ። ያኔም ይህን አንብቤዋለሁ፤ ምን እንዳልኩም ትዝ አለኝ። "ውይ፣ ሲመለስ ይበርደዋል" ነው ያልኩት።

ቡና ቤቱ ውስጥ ፊቴ ጋለ። ያፈርኩት በባሌ አይደለም። አንዲት ሴት መሄጃ መንገዱን ቁጭ ብላ ስታሳየኝ፣ ሥራዋ አሰልችቶኝ አልፌያት ሰባት ዓመት የሰው ካፖርት ፀሐይ ሳስመታ በመኖሬ ነው።

ቅዳሜ ለእናቴ ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በዳበሳ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

"እማዬ፣ ያን መጽሐፍ ተገለባብጦ ነው ያነበብኩት። ሽማግሌ የሚላክበት ለካ መጀመሪያው ላይ ነው።"

እጇ ቆመ። "አሁን ነው ያወቅሽው?" አለች።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"እኔ አይደለሁ እንዴ የሰጠሁሽ? ሦስቱንም በተራቸው ስፌቱ ቤት አንብቤያቸዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ሰውየው አይመጣም። አንቺ ደግሞ ከዚያች ድንጋይ ላይ አልነሳ ብለሻል። አባትሽ ቀርቷል ብዬ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ስንቴ ተመለስኩ! ታዲያ ያን መጨረሻ ላስይዝሽ? አከራዩን ጋሼን፣ አንደኛውን ክፍል ለመጨረሻ ያቆዩልኝ አልኳቸው፤ አቆዩልኝ።"

"አንደኛውን ብቻ አትሰጪኝም ነበር?"

"ብሰጥሽ ቀጣዩስ እያልሽ ታሳብጂኛለሽ።"

"ከላዩ ላይ የተጻፈውስ?"

"በጋዜጣ ለበድኩታ።"

ተናደድኩ። እንደ ልጅ ነው የተናደድኩት፤ ቆሜ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ። "እና ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝም አልሽ?"

"ትደርሺበታለሽ ብዬ ነዋ! ልጅ ያድጋል፣ ያስባል። የሞተች ሴት እልል ስትል ያልደነገጠች ልጅ ምን ትደረግ? ይባስ ብለው መዝገብ ቤት ቀጠሩሽ።" ሽንኩርቷን አስቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አንድ ሳምንት ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ያደረግሁት። ዕድሜ ልክሽን አላልኩም። ያን ካፖርት ባሰጣሽው ቁጥር ልነግርሽ እነሳና፣ ጥፋቱ የኔ መስሎ ይሰማኛል፤ እገባለሁ።"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩና የቀረውን ሽንኩርት ላጥኩ። በዚያ ዓመት ስፌት ቤቱ ውስጥ ሦስተኛውን ክፍል ብቻዋን ስታነብብ ምን እንደተሰማት ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኋትም።

እሑድ መጡ። ሦስት ናቸው፤ የባሌ አጎት፣ የነፍስ አባቱና አንድ ጡረተኛ የሰፈራችን ሰው። በሩ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኳቸው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አጎትየው።

ቃል በቃል ገጽ አርባ ሁለት ነው። ሰው ስንት ጊዜ ይሞኛል! ትናንት የሳቅሁበት ነገር ዛሬ በር ላይ ሲቆም እንደገና አሥራ ሁለት ዓመቴ ሆንኩ። ይባስ ብዬ መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። ባሌ የግቢው በር ላይ ነበር። በሹራብ ብቻ፣ ከስቶ፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ምስኪን፣ አለ ልቤ። ድንጋይዋን ሳያት ግን የአባቴ ነገር መጣብኝ። እዚያ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ቤት የማውቀው እኔ ነኝ፤ እሱ ገና አምስት ደቂቃው ነው።

አጎትየው መናገር ጀመሩ። ልጃችን ተጸጽቷል አሉ። ሰይጣን ነው አሉ። የፔንሲዮኗን ሴትዮ በሰይጣን ስም አለፏት፤ ስኳሩን ግን ሁለት ጊዜ አነሱት። እስኪጨርሱ ሰማሁ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ካፖርቱን አውርጄ፣ አንገትጌውን በእጄ ጠርጌ፣ አጣጥፌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

የአጎትየው ፊት በራ። "አያችሁ!" አሉ ወደ ሁለቱ ዞረው። "አላልኳችሁም? ልብሱን እንኳ ጠብቃ አቆይታለች። ተባረኪ ልጄ!" የነፍስ አባትየው መስቀላቸውን ከኪሳቸው ማውጣት ጀመሩ፤ ጡረተኛው ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ነው።

አሳዘኑኝ። እነሱም አንደኛውን ክፍል ብቻ ነው ያነበቡት።

"አይደለም፣ አባባ" አልኳቸው። "ጥቅምት ነው፣ ይበርዳል። ስኳር ላለበት ሰው ብርድ ጥሩ አይደለም። ይልበሰውና ወደ መጣበት ይሂድ። እናንተ ግን ጉዳያችሁ ተሰምቷል፤ ተቀምጣችሁ ውኃ ቅመሱ።"

አልተቀመጡም። አጎትየው ካፖርቱን ታቅፈው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ "እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ወጡ። በመጋረጃው አላየሁም። የግቢው በር ሲዘጋ ብቻ ሰማሁ።

"ሄዱ?" አለች እናቴ ከጓዳ።

"ሄዱ።"

"ካፖርቱስ?"

"ሰጠኋቸው።"

እናቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መጽሐፉን እጇ አላስገባችም፤ ዓይኗም ማየት ካቆመ ሰንብቷል።

"ምስማሩን እንዳትረሺ" አለችኝ።

መሳቢያ ውስጥ ጉጠት ፈልጌ አገኘሁና ወደ በሩ ሄድኩ። ጉጠቱ አላስፈለገም። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ምስማሩን በጣቴ ብነካው ወጣ።